ከጎን የሚቀመጥ ሰው

እማማ ስልክ ሲያወሩ ግድግዳ የሚባል ነገር ያለ አይመስላቸውም። ያን ዕለት ጠዋትም ኩሽና ቆመው፣ ስልኩን እንደ መስታወት ፊት ለፊታቸው ይዘው፣ ከእህታቸው ጋር የምራታቸውን ነገር እያነሱ ይጥላሉ። «ዶክተር ልትሆን ነው አሉ» ይላሉ። «አይ፣ የመርፌውን አይደለም። የልጅ ራስ ውስጥ ያለውን ነው የምታየው። በምኗ እንደምታየው እኔ ምን አውቄ።» ምራትየው የጥርስ ብሩሹን አፏ ውስጥ እንደሰካች መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቀጥ አለች። ለእማማ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። የነገረችው ለባሏ ብቻ ነው፤ እሱም ሰምቶ ሰምቶ «እንደፈለግሽ» ብሏት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ለካ እሷን የነፈጋትን ወሬ ለእናቱ ዘርግፎላቸዋል። «ሁለት ቦታ ተቀብለዋታል» ቀጠሉ እማማ። «አንዱ እዚሁ ከተማ፣ በማታ። ሌላው የትና የት፣ አምስት ዓመት። ትሂዳ! እኔ ምን ይጎድልብኛል? ልጅቷን እንደሆነ ያሳደግኳት እኔ።»

ሆዷን ያባባው ትሂዳ መባሏ አልነበረም፤ መሄዱንማ ራሷም ስታወጣ ስታወርደው ነው የከረመችው። «ምን ይጎድልብኛል» የሚለው ነው የጠዘጠዛት። አሥር ዓመት ሙሉ አንድ ጣሪያ ስር ኖረው፣ የታመሙ ዕለት ጀርባቸውን አሽታ፣ እግራቸውን አጥባ፣ ዛሬ ብትሄድ የማትጎድል ሰው ሆና መገኘቷ ከፋት። ተጉመጥምጣ ወጣች። እማማም ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ «ሻይሽ እየቀዘቀዘብሽ ነው» አሏት። ቁርስ ላይ አራቱም ተቀመጡ፤ እማማ፣ ባሏ፣ እሷና የዘጠኝ ዓመቷ ልጃቸው ሚጣ። ዳቦው ተቆረሰ፣ ማርማላታው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፣ ሚጣ ማስመሪያዬ ጠፋ ስትል ሁሉም ጎንበስ ብለው ፈለጉላት። ሁሉም የሚያውቀውን ያን አንድ ነገር ግን የነካው የለም። ባሏ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ሽቦ የቱ ጋ እንደተቋረጠ ዳሶ ያገኛል፤ እቤቱ ውስጥ የተቋረጠው ሲሆን ግን ዐይኑን ዳቦው ላይ ይተክላል። የመሣሪያ ቦርሳውን አንግቶ በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለና «መልሱ ዛሬ ነው አይደል?» አላት። «ዛሬ ነው፣ እስከ ማታ» አለችው። «እሺ» ብሎ ወጣ። እሺ! ምኑ ነው እሺ?

አውቶቡስ ውስጥ መቀመጫ አላገኘችም። ታሪፉ ከተጨመረ ወዲህ ሰው ጠዋት ጠዋት ሌላ ወሬ የለውም፤ አጠገቧ የቆመችው ሴትዮ ለማታውቃት ሌላ ሴትዮ በእግር መሄድ ለጉልበት ምን ያህል ደግ እንደሆነ ታስረዳለች፣ ራሷ ግን ከአውቶቡሱ አልወረደችም። ምራትየው ብረቱን ይዛ የራሷን ሒሳብ ታሰላለች። የምትሠራው አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፤ ከዘበኛው እስከ ርዕሰ መምህርቷ የሚጠራት «አማካሪ» ብሎ ነው። የሚያለቅስ፣ የሚደባደብ፣ ቤቱ የፈረሰበት ልጅ ሁሉ እሷ ቢሮ ይመጣል፤ እሷም ትሰማለች፣ ታባብላለች፣ ወላጅ ትጠራለች። ነገሩ ምዘና ላይ ሲደርስ ግን እጇ ይታሰራል። አንድን ልጅ ፊት ለፊት አስቀምጦ አእምሮውን መመዘን፣ ውጤቱንም ፈርሞ መስጠት የሚችለው በትምህርት ቤት ሥነ ልቦና ዶክትሬት ይዞ የሙያ ፈቃድ ያወጣ ሰው ብቻ ነው። ለዚህ ነው ያመለከተችው። ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች ተቀበሏት፣ ሁለቱም ቁርጧን እስከ ዛሬ ማታ ይጠብቃሉ።

የቅርቡ ምቹ ነው፣ ይህ አይካድም። ትምህርቱ በማታ፣ አራት ዓመት፤ ደመወዟም አይቋረጥ፣ ቤቷም አይፈታ። አስተባባሪው ምንጣፍ የተነጠፈበት ቢሮው ውስጥ ተቀብሏት «እርስዎ ርዕስ ብቻ ይምረጡ፤ የልጆቹ መረጃ ተሰብስቦ እኛ ዘንድ ተቀምጧል» ብሏታል። ካለቀ በኋላ አንድ ፈተና ትወስዳለች፣ ፈቃዱን ታገኛለች። የሩቁ ሙሉ ጊዜ ነው። አምስት ዓመት፤ ከአምስቱ አብዛኛውን የሚያሳልፉት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፣ ልጅ ፊት፣ አንድ አስተማሪ ከጎን ተቀምጦ እየተመለከተ። ወንድሟ፣ ጓደኞቿ፣ የተጠየቀው ሰው ሁሉ አንድ ቃል የተማከረ ይመስል «ማዕረጉ አንድ ነው፣ ምን አንከራተተሽ» ብሏታል። እውነት ነው፣ ማዕረጉ አንድ ነው። ከአውቶቡሱ ስትወርድ ልቧ ለቅርቡ አድልቶ ነበር።

ያን ዕለት ትምህርት ቤቱ ውስጥ የምዘና ቀን ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ አንድ ባለሙያ ከውጭ ይመጣና መምህራን «አልገባቸውም» ብለው ስማቸውን የሰጧቸውን ልጆች ይመዝናል። ዝቅተኛ ውጤት ያመጣ ልጅ ከመጋዘኑ ጀርባ ወዳለው ልዩ ክፍል ይዛወራል። ሲያወሩት ለልጁ ጥቅም ነው ይባላል። ይሁንና አማካሪዋ በሠራችባቸው ዓመታት ሁሉ ወደዚያ የሄደ ልጅ ወደ ክፍሉ ሲመለስ አይታ አታውቅም። ባለሙያው የሚመዝንበት ክፍል የለም፤ በሩ በደንብ የሚዘጋው የጤና ክፍሉ ብቻ ስለሆነ ነርሷን አንድ ቀን አስወጥተው እዚያ ያስቀምጡታል። ፕላስቲክ የለበሰ አልጋ አለ፣ የክብደት ሚዛን አለ፣ ግድግዳው ላይ የጥርስ ሥዕል ተለጥፏል፣ የአልኮሉ ሽታ ገና ከመተላለፊያው ይቀበልሃል። ልጆቹ ክትባት ሲመጣ የሚሰለፉት እዚህ በር ላይ ነው።

አማካሪዋ ልጆቹን አንድ በአንድ ከክፍላቸው እያመጣች ታስገባለች። ሦስተኛዋ የሁለተኛ ክፍሏ ዝምተኛ ነበረች። እንዲህ ነው የሚሏት፣ «ዝምተኛዋ»። አምና ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውራ መጣች፣ ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ ድምፅዋን የሰማ የለም፤ መምህሯም ያን ሁሉ ልጅ ይዛ አንዷን ቁጭ ብላ የምታባብልበት ጊዜ ከየት ታምጣ። አማካሪዋ እጇን ይዛ ስታመጣት የልጅቷ መዳፍ እንደ በረዶ ነበር። በሩ ጋ ሲደርሱ ስልኳ ጮኸ፤ የቅርቡ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪ ነው። በአንድ እጇ ስልኩን ከኪሷ እያወጣች፣ በሌላው የልጅቷን ጀርባ ገፋ አድርጋ «ግቢ፣ ዶክተሩ እየጠበቀሽ ነው። አትፍሪ፣ ምንም አያምም» አለቻት። ለሁሉም ልጅ የምትለው ነው፤ ከአፏ ለምዶ የሚወጣ። አስተባባሪው በስልክ ስለ ምዝገባ ሲያስረዳት፣ ስለ መኪና ማቆሚያ ሳይቀር ሲነግራት፣ መተላለፊያው ላይ ወዲያ ወዲህ እያለች «እሺ፣ እሺ» ስትለው ቆየች።

ልጅቷ ቶሎ ወጣች። የግራ እጅጌዋ እስከ ትከሻዋ ተጠቅልሏል፣ ክንዷን በቀኝ እጇ ጥብቅ አድርጋ ይዛለች። «ምን ሆነሽ ነው?» አለቻት አማካሪዋ። ልጅቷ ግራ ቀኝ አየች፤ ከዚያ አማካሪዋ ሰምታው የማታውቀው፣ ጥርት ያለ፣ ጎርነን የሚል ድምፅ ወጣ። «ረሳው» አለች። «ሳይወጋኝ ረሳው። ተመልሶ ይጠራኛል?»

አማካሪዋ መጀመሪያ ሳቅ ሊያመልጣት ነበር። ቀጥሎ ነገሩ ገባት። ልጅቷ እዚያ ወንበር ላይ ክንዷን አውጥታ፣ ዐይኗን የሰውየው ቦርሳ ላይ ተክላ፣ መርፌው መቼ እንደሚወጣ ስትጠብቅ ነው የቆየችው። የምዘናው ሥዕል፣ ጥያቄው፣ የሚደረደረው ኩብ፣ ሁሉም ለእሷ ከመርፌ በፊት የሚደረግ ማዘናጊያ ነው። ማን ነው ዶክተር ያላት? ማን ነው አያምም ያላት? ጎንበስ ብላ እጅጌዋን አወረደችላት፣ ቁልፉንም ቆለፈችላት። «አይጠራሽም» አለቻት። «መርፌ አልነበረም። እኔ ነኝ ያሳሳትኩሽ።» ልጅቷ ትልቅ ሰው ተሳሳትኩ ሲል ሰምታ አታውቅ ኖሯል፣ ትክ ብላ አየቻትና ወደ ክፍሏ ሮጠች።

ምሳ ሰዓት ላይ አማካሪዋ የጤና ክፍሉን አንኳኩታ ገባች። ባለሙያው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ዳቦ በእንቁላል ይበላል። ገና ወጣት ነው፤ ፊቱ ግን የተጨማደደ ሸሚዝ መስሏል። በአንድ ቀን የማይሆን ብዙ ልጅ ነው የሚሰጡት፣ ነገ ደግሞ ሌላ ትምህርት ቤት አለበት። ስለ ዝምተኛዋ ጠየቀችው። «ምንም አልመለሰችም ማለት ይቻላል» አላት። «ጥያቄዎቹ በተከታታይ ካልተመለሱ ፈተናው ይቆማል፣ ሕጉ ነው። ልዩ ክፍል ነው የሚያስፈልጋት።» አማካሪዋ የሆነውን ሁሉ ነገረችው፣ የራሷን ጥፋት ሳትደብቅ። ሰውየው ማኘኩን አቆመ።

«እጅጌዋን አይቻለሁ» አለ። «የሞቃት መስሎኝ ነበር።»

ልብ ካላየ ዐይን አያይም ይላል ያገሬ ሰው። ተቆጥታ ልትናገረው አዘጋጅታ የመጣችውን ቃል ሁሉ ተወችው። «ታዲያ ምን ይሻላል?» አለችው። «ጥያቄዎቹን አንዴ ስላየች ዓመት ሳይሞላ አይደገምላትም» አለና ውጤቱን አውጥቶ፣ ትንሽ አሰበና፣ ሠርዞ «ፈተናው በአግባቡ ስላልተሰጠ ውጤቱ አይያዝ» ብሎ ጻፈበት። «እኔም አብሬ ልፈርም?» አለችው። ፈገግ አለ። «እርስዎ ፈቃድ የለዎትም። ያዩት እርስዎ፣ የምፈርመው እኔ። ጉድ እኮ ነው።» ዝምተኛዋ በዚህ ወረቀት እስከሚመጣው ዓመት ምዘና ድረስ ክፍሏ ውስጥ ትቆያለች ማለት ነው፤ የሚመጣው ዓመት መዛኝ ማን እንደሚሆን ግን ማንም አያውቅም። ሰውየው ዳቦውን መልሶ ጠቀለለው። «እስከ ዛሬ ስንት እጅጌ አምልጦኝ ይሆን?» አለ፤ እሷን የጠየቀ አይመስልም ነበር።

ያኔ ነው እስከዚያ ማንንም ያልጠየቀችው ጥያቄ የመጣላት። «የት ነው የተማሩት?» አለችው። የቅርቡን ዩኒቨርሲቲ ስም ጠራላት። የማታውን ትምህርት፣ ምንጣፍ ያለበትን ቢሮ፣ አስተባባሪውን ሳይቀር ያውቃል፤ «ደግ ሰው ነው» አለ። «ጥናቴ ጥሩ ነበር፣ ሸልመውኛል። የሺዎች ልጆች መልስ አገላብጬ ነው የሠራሁት። አንድ ልጅ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀመጥኩት ግን ከተቀጠርኩ በኋላ ነው። ከጎኔ ተቀምጦ ‘እጅጌዋን ተመልከት’ ያለኝ ሰው የለም።» ይህን ሲል ሰበብ እየደረደረ አልነበረም፤ የጠየቀችውን ነው የመለሰላት። ከወጣች በኋላ መተላለፊያው ላይ ቆማ በዚህ ሰው ላይ መፍረድ እንደማትችል አወቀች። እሱ አላየም፤ እሷ ደግሞ ልጅቷን ራሷ ገፍታ አስገብታለች። በአራት ዓመት ውስጥ ማዕረጉን ብትይዝ፣ ያ አልጋ ጫፍ ላይ ዳቦ ይዛ የምትቀመጠው እሷ ነች።

በሩቁ ዩኒቨርሲቲ የምትማር የአንዲት ተማሪ ስልክ ቁጥር ነበራት፤ ከተቀበሏት ቀን ጀምሮ ልደውል እያለች ያሳደረችው። ከሰዓት በኋላ ደወለችላት። በድምፅዋ ከእሷ በዕድሜ የምታንስ ልጅ ትመስላለች፣ ወሬዋ ግን ማቆሚያ የለውም። «እርስዎ ማለቱን ልተወውና አንቺ ልበልሽ፣ አብረን መከራ ልናይ ነው» አለቻት። «እውነቱን ልንገርሽ፤ የመጀመሪያውን ዓመት ያላለቀሰ የለም። ልጁን ታናግሪያለሽ፣ አስተማሪዋ ከጎንሽ ቁጭ ብላ ታይሻለች። ልጁ ሲወጣ ያደረግሽውን ሁሉ አንድ በአንድ ትነግርሻለች። እኔ አንዱን ምስኪን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እስክሪብቶ አፍንጫው ላይ ደግኜ ነው የጠየቅኩት፣ አላወቅኩም እኮ! ቤቴ ገብቼ ትምህርቱን ልተው ብዬ ሻንጣ አወጣሁ። በማግስቱ ግን እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ገባሁ።» ከዚያ «ልጅ አለሽ እንዴ?» ብላ ጠየቀች። አለኝ አለቻት። «እሱ ይከብዳል» አለች ተማሪዋ። ይህንንም ደብቃ ማለፍ ትችል ነበር፣ አልደበቀችም።

በአውቶቡስ ስትመለስ መቀመጫ አገኘች። የቱን እንደምትመርጥ ቁርጧን አውቃ ነበር፤ ይህን ማወቋ ግን አላቀለላትም፣ ጭራሽ አከበደባት። ሚጣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ስትመለስ አሥራ አራት ይሆናታል። ጡት ሲያጎጠጉጣት እናቷ የለችም። ፀጉሯን ማን ይሠራላታል? እማማ ይሠሩላታል። ስትታመም ማን ያድራል? እማማ ያድራሉ። እውነታቸውን ነው፣ ምን ይጎድልባቸዋል? እንባዋ መጣ። ከጎኗ የተቀመጠው ሰውዬ አይቶ እንዳላየ ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ።

ቤት ስትገባ እማማ ሶፋው ላይ የታጠበ ልብስ ከምረው ያጥፋሉ። ሚጣ ጓዳ ካርቱኗን ከፍታለች። ባሏ ወለሉ ላይ ጋዜጣ አንጥፎ የጎረቤት የኤሌክትሪክ ምድጃ ፈታትቷል፣ ካቻቢቴውን ጆሮው ላይ ሰክቷል። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ከፊቱ ቁጢጥ አለች።

«መልሱን ሰጠሽ?» አላት ቀና ሳይል።

«ገና ነው። ልሂድ ወይስ ልቅር?»

«እንደፈለ…»

«እሱን ሰምቼዋለሁ» አለችው። «እኔ የምፈልገውን አውቀዋለሁ። አንተ የምትፈልገውን ነው የጠየቅኩህ።»

ባሏ አንዲት ብሎን በጣቶቹ መሃል ሲያንከባልል ቆየ። «እንድትቀሪ» አለ። ቃሉ ከወጣ በኋላ ግድብ የፈረሰ ይመስል የቀረውም ተከታተለ። «እንድትቀሪ ነው የምፈልገው። አምስት ዓመት ብቻዬን እዚህ ቤት እየገባሁ መውጣት አልችልም። ይህን ብልሽ ደግሞ ትቀሪያለሽ፣ አውቅሻለሁ። ከዚያ ዕድሜ ልክሽን በእኔ ምክንያት የቀረሽ ሰው ትሆኛለሽ። ለዚህ ነው አፌን የዘጋሁት።»

በአንድ ጊዜ ደስ አላትም፣ ተናደደችም። እነዚያን ሁሉ ቀናት ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞር ግድ የለውም ብላ ነው የተኛችው፤ ለእናቱ ያወራውን ለእሷ ቢያወራት ምን ነበረበት? ይህንኑ ነገረችው፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። እሱም ድምፁን ከፍ አደረገ። ከተጋቡ ጀምሮ እንዲህ ተጣልተው አያውቁም፤ ሚጣ እንኳ የካርቱኑን ድምፅ ቀነሰች። ሲበርድላቸው ስለ ዝምተኛዋ ነገረችው፤ ስለ እጅጌዋ፣ «አያምም» ስላለቻት፣ አልጋ ጫፍ ላይ ስለተቀመጠው ሰው። ባሏ አላቋረጣትም። ስትጨርስ «እዚህ ብትማሪስ፣ ከጎንሽ ማንም አይቀመጥም?» አለ።

«ማንም።»

ራሱን ነቀነቀ። እሱም የሽቦ ሥራ የተማረው አንድ ሽማግሌ ከጎኑ ቆሞ እጁን እየመታው ነው፤ ባይመታው ዛሬ በሕይወት አይኖርም ነበር፤ ይህን ብዙ ጊዜ ነግሯታል፣ አሁን ግን አልተናገረም። እሷ ስልኳን አወጣች። ለሩቁ «እመጣለሁ»፣ ለቅርቡ «ይቅርታ» ብላ እዚያው ፊቱ ቁጢጥ እንዳለች ላከች። «ፈርቻለሁ» አለችው፣ እሱም «እኔም» አላት።

ከዚያ ጋዜጣውን እያየ፣ «አልሸኝሽም» አለ። «ከአሁኑ ልንገርሽ፣ እንዳትቀየሚኝ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ቆሜ ማየት አልችልም። እማዬ ትሸኝሽ፣ እሷ ትችላለች።»

ሁለቱም ወደ ሶፋው ዞሩ። ሁለቱ ሲጨቃጨቁ እማማ አንዲቷን ሸሚዝ ሲያጥፉ፣ ሲዘረጉ፣ መልሰው ሲያጥፉ ነው የቆዩት። የምራታቸው ሸሚዝ ነች። አሁን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በሁለት እጃቸው ያዟት፤ ጠዋት ግድግዳ ይሰነጥቅ የነበረው ድምፃቸው የለም።

«እኔስ?» አሉ። «እኔስ ከብረት ነው የተሠራሁት?»